ክፍል ሁለት ላይ እነሳለሁ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ሟርት፣ ሙት መጣ ምናምን ሲሉኝ ሳቄ ነው የሚቀድመው፣ ስለዚህ ይህን የማጫውትህ ፈሪ ሆኜ እንዳይመስልህ። የሲትኮም ተዋናይ ነኝ፣ ስራዬ ሰው ማሳቅ ነው፣ በሱ ደግሞ አልታማም።

ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቤት ተከራይተን፣ በሁለት ሳምንት ተከፍሎ የሚተላለፍ አንድ ታሪክ እንቀርጽ ነበር። እኔ፣ ልጆቹ ይወዱት እንደሆነ ለማወቅ ሞቻለሁ ብሎ የሚተኛ አባወራ ነኝ፤ ክፍል አንድ ለቅሶው ላይ ያልቃል፣ ክፍል ሁለት ላይ ብድግ ብዬ ጉዳቸውን አፈላለሁ። መካኒሳ አቦ የምትኖረው እናቴ ይህን ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ። ሬሳ በሌለበት ቤት አይለቀስም፣ ካለቀሱልህም በዚያው ቀን፣ እዚያው ትወናው ውስጥ ሳትነሳ እንዳትወጣ አለችኝ። እሺ ብያት ወጣሁ።

አመሻሽ ላይ አንሶላ ተከናንቤ ተኛሁ፣ ባዶ እግሬ ብቻ ወጥቶ። ለቅሶው እንዴት ያምር ነበር መሰለህ፣ የጎረቤት ሴቶች እውነት መስሏቸው ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ገብተው አብረው አለቀሱ፣ ዳይሬክተሩም ካሜራውን አላስቆመም፣ እንዲህ ያለ ነገር በነፃ ከየት ይገኛል። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል ቅጭልጭል የሚል የቁልፍ ድምፅ ሰማሁ፣ ከበሩ ጀምሮ ቀስ እያለ መጥቶ እግሬ ስር ቆመ። ፍራሹ ጎደጎደ፣ ሰው ተቀመጠ። ከዚያ፣ እመነኝ፣ የእግሬን አውራ ጣት ያዝ አድርጎ ጎተተኝ።

እንደዚያ የምታደርገኝ እታታ ብቻ ነበረች፣ ያሳደገችኝ አክስቴ፣ የሱቋን ቁልፎች አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ለትምህርት ቤት ጣቴን ጎትታ የምትቀሰቅሰኝ። እታታ ከሞተች ቆይታለች።

«ተነስ በቃ» አለችኝ ቀስ ብላ።

አልተነሳሁም። ቀረጻ ላይ ነኛ፣ ሬሳ እንዴት ይነሳል። ሲያልቅ አንሶላውን ብገልጥ እግሬ ስር ማንም የለም፣ ብጠይቅም ማንም አልተቀመጠም አሉኝ፣ ድካም ነው ብዬ ተውኩት። የቤቱ ባለቤት ግን ለቅሶውን ሰምታ መጣች፣ በቤቴ ማን ሞተና ነው ብላ ዕቃችንን አስወጣችን፣ ክፍል ሁለት ሳይቀረጽ ቀረ።

ክፍል አንድ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ከእናቴ ጋር ሆኜ አየሁት። የራሴን ትወና እያደነቅኩ ነው፣ ግሩም ሬሳ ወጥቶኛል። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«እታታን ማን ጠራት?»

እኔ እግሬ ስር የማየው ባዶ ፍራሽ ነው። ላረጋጋት ብዬ ሳቅሁ፣ ግን አልደብቅህም፣ ፈራሁ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ እየደወለች ልጄ ተነሳህ ወይ ትለኛለች፣ ከአልጋ ማለቷ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ትናንት ዳይሬክተሩ ደወለ። ለቡ ሰፈር ቤት ተገኝቷል፣ ክፍል ሁለትን ቅዳሜ እንቀርጻለን ሲለኝ ደስ አለኝ። መቼም በእኛ ስራ ክፍል አንድ ላይ የታየ ሰው ሁሉ በዚያው አለባበሱ፣ በዚያው ቦታው መገኘት አለበት፣ አለዚያ ተመልካች ይታዘበናል። ዳይሬክተሩ ሁሉንም አግኝቷቸዋል፣ የቀሩት አንድ ሰው ናቸው።

«እግርህ ስር የተቀመጡት እናት፣ ቁልፍ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉት፣ ያኔ ልብ አላልኳቸውም፣ ዘመድህ ናቸው አይደል? ስልካቸውን ላክልኝ።»

ምንም አልላክሁለትም። ቅዳሜ ግን እሄዳለሁ፣ ሰውዬው መነሳት አለበት። ካልሲ አድርጌ ልተኛ አስቤ ነበር፣ ክፍል አንድ ላይ ግን ባዶ እግሬን ነኝ።