የአባቷን ስልክ የምታነሳው ልጅ

ስልኩ የተንቀጠቀጠው መምህሩ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው ባዞሩበት ሰዓት ነው። ሶዳም እጇን ሹራቧ ኪስ ውስጥ ከታ አፈነችው። ዝም አለ። ወዲያው ደግሞ ተንቀጠቀጠ። የደዋዮቹን ጠባይ ታውቀዋለች፤ አንዴ ካልተነሳላቸው ሁለቴ ይሞክራሉ፣ ሁለቴ ካልተነሳላቸው ለአባቷ የሥራ ኃላፊ ይደውላሉ። እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ሽንት ቤት።»

«አሁንም?» አሉ መምህሩ ሳይዞሩ። ከኋላ ወንበር አንዷ ኪኪ ብላ ሳቀች።

እንደ ደንቡ ከሆነ ሶዳም በዚህ ሰዓት ስልክ ሊኖራት አይገባም። ጠዋት ጠዋት የክፍሉ ስልክ ሁሉ በአንድ ቦርሳ ተሰብስቦ መምህራን ክፍል ይቆለፍበታል። እሷ ቦርሳው ውስጥ የምትጥለው ግን ድሮ የሞተ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ነው። የሞተ ስልክ አስረክቦ በሕይወት ያለውን መደበቅ የእሷ ብቻ ብልሃት አይደለም፤ ከክፍሉ ግማሹ ያደርገዋል። ልዩነቱ፣ ሌሎቹ ለጨዋታ ነው የሚደብቁት።

ደረጃውን እየሮጠች ወጣች። ወደ ጣሪያው የሚያስወጣው በር ሁልጊዜ ዝግ ነው፤ እዚያ ጋ ደረጃው ያልቅና ማንም የማይፈልጋቸው የተሰበሩ ወንበሮች ይጀምራሉ። መልሳ ደወለች።

«አቤት፣ ዕቃ ማድረሻ ነው።»

«የት ነው የጣላችሁት? በሬ ላይ ምንም የለም እኮ።» የአሮጊት ድምፅ ነው።

«እማማ፣ ኮሪደሩ ላይ የውሃ ቆጣሪው ሣጥን አለ አይደል? እሱን ይክፈቱት።»

የስሊፐር ድምፅ፣ የብረት መዝጊያ ሲንቋቋ፣ ከዚያ ትንፋሽ። «አለ። አለ የኔ ልጅ። ሰውየው ራሱ ግን ለምንድነው የማያነሳው? ሁሌ አንቺ ነሽ። ሚስቱ ነሽ?»

«ልጁ ነኝ።»

«ትምህርት ቤት የለሽም እንዴ?»

«አለኝ» አለችና ዘጋችው።

አባቷ ፕዮ ቹንጊ መስማት አይችልም። ሲወለድም እንዲሁ ነበር። በኢንቾን ከተማ አሮጌ ሰፈሮች ውስጥ ዕቃ ያደርሳል፤ ጉልበቱ እንደ ማንም ነው፣ መንገዱን ደግሞ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ሰዉ ግን ዕቃው በር ላይ ተቀምጦም መደወል ይወዳል። ስለዚህ መኪናው ላይ የተለጠፈው ቁጥር የሶዳም ነው፤ ለደንበኛ በሚላከው መልእክት ላይ ያለውም የሶዳም ነው። እናቷ ወደ ሌላ ከተማ፣ ወደ ኡልሳን ሄዳ ሌላ ትዳር ከመሠረተች ወዲህ የቤቱ ድምፅ እሷ ብቻ ናት።

ወደ ክፍል ስትመለስ ቻሪን እግሯን ዘርግታ መተላለፊያውን ዘግታባት ነበር። ቻሪን ጸጉሯ ላይ ጠቅላላ የክፍሉ ዓይን እንዳለ የምታውቅ ልጅ ናት።

«ሶዳምዬ፣ ጀለሱ ዛሬም ናፈቀሽ ማለት ነው?»

«አሳልፊኝ።»

«ፎቶውን አሳዪንና እናሳልፍሽ። ወይስ ሽማግሌ ነው?»

ሳቁ ዞረ። ሶዳም እግሩን ተሻግራ ተቀመጠች። ፍቅረኛ የለኝም ብላ አታውቅም። ሰው ስለ አንተ የሚያወራውን ውሸት የምታቆመው የተሻለ እውነት ስታቀርብ ነው፤ እሷ ደግሞ የተሻለ እውነት አልነበራትም።

የምሳ ደወል ሲደወል ልጆቹ ሁለት ሦስት እየሆኑ፣ ክንድ ለክንድ እየተያያዙ ወረዱ። ሶዳም ስልኳን አውጥታ እንደተደወለላት ሰው ቅንድቧን ቋጠር አደረገች፤ «እሺ፣ እሺ» እያለች ወደ ላይ ወጣች። ማንም አልደወለም ነበር። በባሕር ቅጠል የተጠቀለለውን ሩዝ ከኪሷ አውጥታ ከተሰበሩት ወንበሮች መሃል ቁጭ ብላ በላች። ከታች የማንኪያና የሰሃን ድምፅ ይሰማል። ስልኩ ያናድዳታል፣ ከእንቅልፏ ያስነሳታል፣ ከትምህርት ያስወጣታል። ግን ስልክ ያለበት ሰው ብቻውን ተቀመጠ አይባልም። ሥራ ላይ ነው ይባላል።

ማታ አባቷ መኪናውን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሳይሆን፣ እሷ በጠየቀችው መሠረት፣ ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ አቁሞ ጠበቃት። ገና በሩን ስትከፍት እጆቹ ተነሱ። ለየሰው በእጁ ያወጣው ስም አለው፤ የሥራ ኃላፊውን የሚጠራው ሁለት ጉንጮቹን ነፍቶ ነው።

«ጉንጮ ዛሬ ጮኸብኝ» አለ በእጁ።

«ምን ብሎ?»

«እኔ በምን አውቃለሁ? ጉሮሮው ግን ተጎድቷል። አሳዘነኝ።»

ሶዳም ሳትፈልግ ሳቀች። ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ባለፈው ፈተና ሳምንት ስልኩ ቀኑን ሙሉ ዝግ ነበር፤ በፈተና ቀን ስልክ የተገኘባት ልጅ ውጤቷ ዜሮ ነው፣ እዚያ ላይ የሞተ ስልክ ብልሃት አይሠራም። ደንበኞቹ ተንጫጩ። ኃላፊው ያኔውኑ ቁርጡን ተናግሯል፤ አንዴ ከተደገመ አባቷ ዕቃ የሚያደርስበት ሰፈር ለሌላ ሰው ይሰጣል። ፈተናው ደግሞ የሚጀምረው ሰኞ ነው። ለዚህ ነበር ስልክ ሊገዙ የሚሄዱት። ቢያንስ ሶዳም እንደዚያ መስሏት ነበር።

የስልክ ሱቁ ሻጭ ጸጉሩን በቅባት ያቆመ ወጣት ነው። አባቷ ጎንበስ ብሎ ሰላም ሲለው ጎንበስ አለ፤ ሶዳም «አባቴ አይሰማም» ካለችው በኋላ ግን ዓይኑን መልሶ ሰውየው ላይ አላሳረፈም። እንዲህ ዓይነት ሰው ሞልቷል። አንድ ነገር የጎደለህ ከመሰለው የቀረህንም አብሮ ይቀንስልሃል።

«ምን ዓይነት ይፈልጋል?» አላት።

«እሱን ጠይቀው፣ እኔ እነግርሃለሁ።»

«አዎ፣ እና ምን ዓይነት ይፈልጋል?»

አባቷ ጠየቀ፣ ሶዳም በድምፅ አወጣችው። ቢወድቅ ይችለዋል ወይ? በጓንት ይነካል ወይ? የሣጥን ላይ የባርኮድ መስመሮችን በካሜራው ቶሎ ያነባል ወይ? ባትሪው እስከ ንጋት ይቆያል ወይ? ስለ ጥሪ አንድም ነገር አልጠየቀም። ልብ ብላው ነበር፤ እንግዳ ነገር ነው ብላ አለፈችው።

ሻጩ ሁለት ስልክ አወጣ። አንደኛው ወፍራም ነው፣ ጠርዙ በጎማ የተለበጠ። «ይኼ ከፎቅ ቢወረወር ምንም አይሆንም። መጋዘን የሚሠሩ ሰዎች የሚወስዱት እሱን ነው።» ሌላኛው ቀጭን ነው። «ይኼኛው ደግሞ ሰው ሲደውል የሚያወራውን እዚያው በጽሑፍ ያወጣዋል። አባትሽ መልሱን ሲጽፍ ስልኩ በድምፅ ያነብለታል። በቃ፣ እንደ ማንም ሰው ስልክ ያወራል ማለት ነው። ካቨር ይደረግለታል እንጂ አጥንቱ ጠንካራ ነው። ንገሪው።»

ሶዳም እጆቿን አነሳች።

እጆቿ አየር ላይ ቀሩ። ሰኞን አላየችም፣ ፈተናውንም አላየችም። ያየችው የምሳ ደወል ሲደወል ነው። በኪሷ የሚንቀጠቀጥ ነገር የለም። ወደ ላይ የምትወጣበት ምክንያት የለም። ሰሃኗን ይዛ ምሳ አዳራሹ መሃል ቆማለች፤ ወንበሮቹ ሁሉ የሰው ቦርሳ ተቀምጦባቸዋል፤ ቻሪን ቀና ብላ እያየቻት ነው።

«ምን አለ?» አለ አባቷ።

«ቀጭን ነው፣ ቶሎ ይሰበራል አለ» አለች በእጇ።

አባቷ ራሱን ነቀነቀ። ወፍራሙን አንስቶ መዘነው፣ ጓንቱን አድርጎ ነካካው፣ ወደደው። ሻጩ ትከሻውን ሰበቀና ሣጥኑን ሊያመጣ ወደ ጓዳ ገባ።

ይኼኔ የሶዳም ስልክ ተንቀጠቀጠ። ፊቷን አዙራ አነሳችው። አንድ ጎልማሳ፣ ሣጥኑ ረጥቧል፣ ጠርዙ ተጨፍልቋል፣ ምን ዓይነት ሥራ ነው ይኼ ይላል። ይቅርታ ጠየቀች። ደግሞ ይቅርታ ጠየቀች። ስትዞር አባቷ ሱቁ መሃል ቆሞ ከንፈሯን ሲያይ አገኘችው፤ ማንም ባይናገረውም ፈገግ ብሏል፣ ሁልጊዜ ሰው መሃል ሲቆም እንደሚያደርገው።

«ደዋዩ ተቆጣሽ?» አላት።

«ሣጥን ረጥቦበት ነው።»

«ከእንግዲህ ማንም አይቆጣሽም» አለ። ሊያስደስታት ያቆየው ወሬ እንደሆነ ከእጆቹ ፍጥነት ታወቀ። «ከጉንጮ ጋር ተጻጽፈን ጨርሰናል። ሰፈሩን ለሌላ ሰው ይስጠው። እኔ ከሰኞ ጀምሮ ማታ መጋዘን ሣጥን እለያለሁ። እዚያ የሚደውል የለም። አንቺ ስትተኚ እወጣለሁ፣ ትምህርት ቤት ስትሄጂ እገባለሁ። ፈተናሽንም በሰላም ትፈተኛለሽ።»

ሶዳም ወፍራሙን ስልክ አየችው። ጓንቱን፣ እስከ ንጋት የሚቆየውን ባትሪ አየች። ለካ ስለ ጥሪ ያልጠየቀው ለዚህ ነው።

«ሰፈሩን ትወደዋለህ እኮ» አለችው።

«እወደዋለሁ። የወፍጮ ቤቷ ሴትዮ መንደሪን ትሰጠኛለች።» ትንሽ አሰበ። «መጋዘን ውስጥም መንደሪን አይጠፋም። በሣጥን ነው።»

ቀልዱ እንዳልሠራ እሱም አወቀው። እጆቹን ዝቅ አደረገ።

ሻጩ ሣጥኑን ይዞ ሲመለስ ሶዳም እጇን ሣጥኑ ላይ አሳረፈች። «ትንሽ ቆይ» አለችው። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች፤ ምልክቱን አንዴ ጀምራ አበላሸችው፣ ደገመችው።

«ዋሽቼሃለሁ። ቀጭኑ ይሰበራል አላለም። ሰው ሲደውል የሚያወራውን ይጽፍልሃል። አንተ የጻፍከውን ደግሞ በድምፅ ያነብልሃል። ያለ እኔ ማንሳት ትችላለህ።»

አባቷ ስልኩን አየ፣ እሷን አየ። «ለምን ዋሸሽ?»

«እንጃ።»

እንጃ የሚለው ምልክት ትከሻ ብቻ ነው የሚፈልገው። ከዚያ በላይ የሚናገር እጅ አልነበራትም። አባቷ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። ቀጭኑን ስልክ በጣቱ ጠቆመና ለሻጩ ራሱ በምልክት አሳየው፤ እስኪ ክፈተው።

ሻጩ የአባቷን ሲም ካርድ ቀጭኑ ስልክ ውስጥ አስገባ። ከሰላምታው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የአባቷን ፊት ቀና ብሎ አየ፤ በእጁ ለመግባባት እየተንገዳገደ ማያ ገጹን አሳየው። ከዚያ ለሶዳም፣ «እዚህ ድምፁ ይደባለቃል። ውጪ ሆነሽ ደውይለት» አላት።

ውጪው ይበርዳል። የማጠናከሪያ ትምህርት ቤቶች ቢጫ አውቶቡሶች ልጆች እየጫኑ ያልፋሉ። ሶዳም ስልኳ ውስጥ «አባዬ» የሚለውን ስም ፈለገች። በየቀኑ ትጽፍለታለች። ደውላለት ግን አታውቅም፤ ማን ይደውላል ለማይሰማ ሰው። ነካችው። ጠራ።

በመስታወቱ ውስጥ አባቷ መዳፉ ላይ የሚንቀጠቀጠውን ነገር እንደ ጫጩት ይዞት ነበር። ሻጩ የት እንደሚነካ አሳየው።

«ሄሎ» አለች ሶዳም። ምን እንደሚባል ጠፋባት። «ዕቃ ማድረሻ ነው?»

አባቷ አነበበ። ዓይኑ ተከፈተ። አጎንብሶ በሁለት አውራ ጣቱ መጻፍ ጀመረ፤ ከዚያ ጆሮዋ ውስጥ የማታውቀው፣ የተስተካከለ የወንድ ድምፅ ተናገረ።

«አዎ እመቤት። ምን ልታዘዝ።»

ሻጩ ከውስጥ አውራ ጣቱን አነሳላት። ይሠራል፣ ተፈተነ፣ ግቢ ማለቱ ነው። ሶዳም አልገባችም። አልዘጋችውምም። የአባቷን ፊት እያየች መናገር ስላልቻለች ለመስታወቱ ጀርባዋን ሰጠች።

«አባዬ» አለች። በድምፅ ጠርታው የምታውቀው ልጅ ሆና፣ እንደማይሰማ ሳይገባት በፊት ነው። «ለምን እንደዋሸሁ ልንገርህ። ትምህርት ቤት ምሳ የምበላው ብቻዬን ነው። ደረጃው ላይ፣ የተሰበሩ ወንበሮች ጋ። ስልክ ባይደወልም እዚያ ነው የምቀመጠው። እንደተደወለልኝ አስመስዬ። አንተ ስልክህን ራስህ ካነሳህ… የት እንደምሄድ አላውቅም።»

አውቶቡስ አለፈ። ስልኩ ውስጥ የሱቁ ሙዚቃ በሩቁ ይሰማል። ጽሑፉ ያላለቀ ይሆናል፣ አባቷ እያነበበ ይሆናል፤ ማንበብ ሁሌም ይዘገይበታል። ወይም ሻጩም አብሮ እያነበበ ነው። ያንብብ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለ የማታውቀው ድምፅ።

ሶዳም የሱቁ ደጃፍ ላይ ቁጭ አለች። ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች፣ ማሽኑ እንዳይስት ቃላቱን አንድ በአንድ እየለየች፣ በአገራቸው ትምህርት ከሚከፈትበት ከመጋቢት አንስታ ትነግረው ጀመረች።