ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት

አውቶሞቢል ጠጋኙ አባይነህ ከጋራዡ ወለል ላይ ተደፍቶ ሲገኝ፣ ወራት የለፋበት ሞተር ከፊቱ ያብረቀርቅ ነበር። ሞተሩ ጥቁር አረንጓዴ ተቀብቷል። የነሐስ ቧንቧዎቹ ተወልውለዋል፤ ብሎኖቹ ሳይቀሩ አንድ በአንድ በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍገዋል። ሰውየው ግን ራሱ ተፈንክቶ፣ በማስነሻው ብረት በማኖቬላው አጠገብ በግንባሩ ወድቋል።

ያገኘችው ልጁ እፀገነት ናት። ቀኑ ሲጨላልም ፋኖስ ይዛ ለራት ልትጠራው ወርዳ ነበር። አልጮኸችም። ፋኖሱን መሬት አስቀመጠች፤ እጁን ያዘች፤ ቀዝቅዟል። ከዚያ ወደ ቤት ወጣችና ለወንድሟ ለከበደ «አባባ ሞቷል» አለችው፣ ራት ቀርቧል እንደሚል ሰው። ሲገነዝም፣ ሲቀበርም፣ ሰው ደረቱን ሲደቃም እንባ አልመጣላትም። ለቀስተኛው «ደርቃ ቀረች» እያለ አማት። እሷም ሰምታለች፤ ሐሜቱ ግን አልከነከናትም።

ጋራዡ ከአራዳ ገበያ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ፣ ከመኖሪያ ቤታቸው ጋር በአንድ አጥር ውስጥ ነበር። አውቶሞቢሉ የወይዘሮ አይናዲስ ነው። ባላቸው ካረፉ ወዲህ በበቅሎ ጋጥ ውስጥ ጭድ ተከምሮበት፣ ዶሮ ሲታቀፍበት ኖሯል። ልጃቸውን ሲድሩ ሙሽሮቹ እንዲቀመጡበት ፈልገው ለአባይነህ ሰጡት። አባይነህም ሞተሩን እስከ መጨረሻው ብሎን አፍርሶ፣ የተበላውን ቀይሮ፣ የዛገውን ፍቆ፣ እንደገና ገጠመው። የቀረው ማስነሳት ብቻ ነበር።

የዚያን ጊዜ ሞተር የሚነሳው በእጅ ነው። ማኖቬላው ከፊት በኩል ቀዳዳው ውስጥ ይገባና ይዘወራል። ከመሪው ላይ ያለችው ትንሽ ዘንግ አስቀድማ ወደ ታች መውረድ አለባት፤ ካልወረደች እሳቱ ጊዜውን ሳይጠብቅ ይቀድምና ሞተሩ ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ማኖቬላውም የሚዘውረውን ሰው ይመታል። ይህን በጋራዡ የሚሠራ ሁሉ ያውቃል። ያን ዕለት ዘንጓ እንደተሰቀለች ተገኘች። መሪውንና ዘንጓን ሲወለውል የዋለው ደግሞ ቀለም ቀቢው እንድሪስ ነበር።

ከበደ እዚያው በአባቱ አስከሬን ላይ ቆሞ እንድሪስን ከሰሰው። እልፍኝ ተቀምጦ ሳለ ሞተሩ አንዴ ጓ ብሎ ሲጠፋ በጆሮው መስማቱን፣ እንድሪስ ጠዋት ከአባቱ ጋር መጣላቱን፣ ዘንጓንም አውቆ መስቀሉን ተናገረ። ደም እንጂ ካሳ አልቀበልም አለ። በሕጉ መሠረት የከበደ ቀኝ እጅ ከእንድሪስ ግራ እጅ ጋር በአንድ ሰንሰለት ተቆራኘ። ችሎቱ ለሰኞ ተቀጠረ። እስከዚያ ድረስ ከሳሽ ተከሳሹን ይዞ ይበላል፣ ይዞ ይተኛል።

አብረው ዋሉ፣ አብረው አደሩ። እፀገነት ለወንድሟ፣ ከዲጃ ለባሏ ለእንድሪስ፣ ሁለቱም ሴቶች በየሰሃናቸው ምግብ ይዘው ከአጥሩ ሥር ይገናኛሉ፤ ሰሃኖቹ እንዳይነካኩ አራርቀው ያስቀምጣሉ። እንድሪስ ሲሰግድ ሰንሰለቱ አጭር ነውና ከበደም አብሮ ይጎነበሳል። የወይዘሮ አይናዲስ ሹፌር የማነ ይህን አይቶ «ከበደ በዚህ ከቀጠለ ለረመዳን ይደርሳል» ብሎ ቀለደ። የሰፈሩ ሰው እየተሸማቀቀ ሳቀ። ከዲጃ አልሳቀችም። ሰኞ ከተረታ ባሏን ይሰቅሉታል።

የአራዳ ዘበኞች ሹም ባሻ በርሄ ነገሩን አጣርቶ ለችሎት እንዲያቀርብ ታዘዘ። አንድ ጉልበቱ የማይታጠፍ፣ ጥያቄ ሲጠይቅ ሰው የማያይ ሽማግሌ ነበር። ሲመጣ ነፍስ ይማር ብሎ ለእፀገነት ራሱን ዝቅ አደረገና፣ ሳይቀመጥ ጋራዡን እንድታሳየው ጠየቃት።

«ስታገኚው የያዝሽው የትኛውን እጁን ነው?»

«ቀኙን።»

«ተሰብሮ ነበር?»

«አልነበረም። አውራ ጣቱም ደህና ነበር።»

«አስቢ።»

«አስቤአለሁ ባሻ። ከዚያ ወዲህ የማስበው እሱን ብቻ ነው።»

ባሻ አስከሬኑን ከገነዘው ዲያቆን ዘንድ ሰው ልኮ ነበር። ዲያቆኑ ቁስሉ ከቀኝ ጆሮው ኋላ ነው አለ፤ ፊቱ ላይ ከመሬቱ ጭረት በስተቀር ሌላ የለበትም። ባሻ ይህን ለእፀገነት ነገራት። እሷም ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቀችም። ፋኖሱን ዝቅ አድርጋ ያዘችለት።

ባሻ ደረቅ ጉልበቱን ዘርግቶ አውቶሞቢሉ ፊት ተቀመጠ። እጁን ከራዲያተሩ ሥር ሰዶ ማኖቬላ የሚገባበትን ቀዳዳ ዳሰሰ። በጥፍሩ ጫረው፤ ጣቱን አሸተተ።

«በዚህ ቤት ሰም የሚገዛ ማን ነው?»

«እንድሪስ። ለቀለሙ ሥራ ነው ይላል።»

«ወንድምሽ ቀለም ሲቀባ ቆሞ ያየዋል?»

«ከበደ? ቀለም የሴት ሥራ ነው ነው የሚለው።»

«በዚያ ቀን አንቺ የት ነበርሽ?»

«ማድ ቤት።»

ባሻ በበሩ ወደ ግቢው አየ። ማድ ቤቱ ከጋራዡ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው። እልፍኙ ደግሞ ከግቢው ማዶ።

«ሞተሩ ጓ ሲል ሰማሽ?»

እስካሁን ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ከበደ ሰማሁ ሲል፣ እሷ ያልሰማችው እንደ ለቅሶውና እንደ ሐሜቱ ድምፁም ሳይሰማት ያለፈ መስሏት ነበር።

«አልሰማሁም። ዝናብ ነበር። ቆርቆሮው ይጮህ ነበር።»

«በእልፍኙም ላይ ያለው ቆርቆሮ ነው» አለ ባሻ። ከዚያ ጋራዡን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ፤ ማንም እንዳይገባ ዘበኛ አቆመ።

የማነን ያነጋገረው ውጭ፣ ቅጥሩ ጥግ ነው። የማነ ቀልዱን ሊጀምር ሲል ባሻ አላየውም፤ ስለዚህ ቀልዱን ተወና ያየውን ተናገረ። ያን ዕለት ጠዋት ሥራው የት እንደደረሰ ለማየት መጥቶ ነበር። አባይነህ በእንድሪስ ላይ ሲጮህ ደርሷል፤ ምክንያቱ ከነሐሱ ላይ የተንጠባጠበ ቀለም ነው። በየማነም ላይ፣ ጭቃ ይዞ ገባ ብሎ ጮኾበታል። «በሁላችንም ላይ ይጮህ ነበር ባሻ፤ ካልጮኸ ታሟል ማለት ነው። በከበደ ላይ ግን አልጮኸም። ዝግ ብሎ ነው የነገረው።»

«ምን አለው?»

«ከበደ በየጠጅ ቤቱ ሞተሩን ያደስኩት እኔ ነኝ ይል ነበር። እውነቱን ለመናገር የሚዞረው ብረት የሚያርፍበትን ኩሽኔታ አቅልጦ ያፈሰሰው እሱ ነው፤ ተሰንጥቆ ሞተሩ እንደገና እንዲፈታ ያደረገውም እሱው። አባይነህ የተሰነጠቀውን በእጁ አስያዘውና ‹ከነገ ጀምሮ ብረት አትነካም። ጋራዡን እንድሪስ ይይዘዋል› አለው። እኔ ፊት ነው የነገረው። እኔ ባልኖር ይሻል ነበር።»

የማነ ራሱ ከዚያ በኋላ እመቤቱን ይዞ እንጦጦ ማርያም ወጥቶ እዚያው አድሯል። ወይዘሮ አይናዲስም፣ አብረዋቸው የነበሩት ቀሳውስትም መሰከሩለት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባሻ በርሄ አውጫጭኝ ጠራ። የሰፈሩ ሰው በሙሉ በግቢው ተሰበሰበ፤ በዳዩ ሳይለይ ማንም ከአጥር እንዳይወጣ በሩ ላይ ዘበኛ ቆመ። ሽማግሌዎቹ ግንድ ላይ ተቀመጡ። ወይዘሮ አይናዲስ ወንበር ተዘረጋላቸው። ከበደና እንድሪስ መሐል ቆሙ። ከዲጃ ከሴቶቹ ተለይታ ወደ ባሏ የተቻላትን ያህል ተጠግታለች። እፀገነት ጀርባዋን ለጋራዡ ግድግዳ ሰጥታ ቆመች፤ ፀሐዩ ፊቷን ሲያቃጥላት እየታወቃት ጥላ አልፈለገችም።

ባሻ የጀመረው ከእጅ ነው። ማኖቬላ ሲመልስ መጀመሪያ የሚሰብረው አንጓ ወይም ክንድ መሆኑን፣ የከፋ እንደሆነም አገጭ መሆኑን የማነን አስመሰከረ። የአባይነህ እጅ ደህና ነበር። ቁስሉም ከጆሮው ኋላ ነው።

«ሞተር ፊት ለፊት የቆመን ሰው ከኋላው አይመታም» አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አባይነህ ዞር ብሎ ሊሆን ይችላል ሲል ባሻ ተስማማ። «ይሁን፤ እየዘወረ ዞር አለ እንበል። ከበደ፣ የሰማኸውን ድገምልን።»

ከበደ በወንጌል ምሎ ደገመው። ሞተሩ አንዴ ጓ ብሎ ጠፋ።

«በዝናቡ መሐል?»

«በዝናቡ መሐል ሰማሁ።»

ባሻ ጋራዡን ከፈተና ማኖቬላውን ለከበደ ሰጠው። አባትህ እንዳደረገ ከቀዳዳው አስገባ አለው። ከበደ ሄደ፤ እንድሪስም በሰንሰለቱ ተከተለ። ከበደ ተጎንብሶ ብረቱን ሰደደ። አልገባም። አዙሮ ሞከረ። በጉልበቱ ገፋው። የእንድሪስ ክንድ አብሮ ወዲያና ወዲህ ይላል። ከደጅ ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጓል፤ የብረቱ ጫፍ አንድ ለስላሳ ነገር ሲገፋ ብቻ ይሰማል።

«እንድሪስ» አለ ባሻ፣ «ምን አለበት?»

«ሰም ነው» አለ እንድሪስ። «ከመቀባቴ በፊት ቀለሙ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ቀዳዳውን ሁሉ በሰም እደፍናለሁ፤ ቀለሙ ሲደርቅ አወጣዋለሁ። በማግሥቱ ላወጣው ነበር። ጋሼ አባይነህ ራሳቸው አውጥተው ያስነሱት መስሎኝ ነበር። ከታሰርኩ ወዲህ እዚህ አልገባሁም።»

ባሻ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ወደ ቀዳዳው አስጎነበሳቸው። ሰሙ ላይ ያለው ቀለም አሁን ማኖቬላው ከፈገፈገውና ባሻ በጥፍሩ ከጫረው ቦታ በስተቀር ስንጥቅ የለውም። ከሞተሩ ጋር አንድ ቀለም ስለሆነ ጎንበስ ብሎ ያልዳሰሰ ሰው አያውቀውም።

«እንግዲህ ይህ ሞተር ከተቀባ ወዲህ አልተዘወረም። ያልተዘወረ ሞተር አይጮህም። አይመታምም። አባይነህን የመታው ማኖቬላውን በእጁ የያዘ ሰው ነው። ያ ሰው ዘንጓን ሰቅሎ ብረቱን ከአስከሬኑ አጠገብ ጣለው። እንድሪስ ቢሆን ቀዳዳውን የደፈነው ራሱ ነው፤ ሰሙን ሳያወጣ እንዲህ ያለ ተረት አያስብም። የማነ እንጦጦ ነበር። የቀረው ቀለም ሲቀባ ቆሞ የማያይ፣ ግን ሞተር እንዴት እንደሚመታ የሚያውቅ ሰው ነው። ደግሞም ያልጮኸውን የሰማ።»

ባሻ ቀጠለ፤ ለከበደ ብቻ የሚያወራ ይመስል ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ነገሩን ዝም ብትለው ሰው ሁሉ በአደጋ ሞተ ይል ነበር። ተመልሰህም የረሳኸው ነገር ቢኖር ታስተካክል ነበር። አንተ ግን ጋራዡ ለእሱ እንዳይቀር ብለህ ከሰስከው። ከከሰስከው ጊዜ ጀምሮ ወደዚህ በር ብቻህን መምጣት አልቻልክም። ብትመጣ አብሮህ የሚገባው ሰሙን የደፈነው ሰው ነው።»

ከበደ ማኖቬላውን መሬት አስቀመጠ፤ አልወረወረውም።

«አልጮኸብኝም» አለ። «ከሰዓት በኋላ፣ እንድሪስ ከሄደ ወዲያ፣ ደግሜ ለመንኩት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ነሐሱን ይወለውላል። ቢጮህብኝ ኖሮ ዝም እል ነበር።»

ከዲጃ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ቁልፍ የያዘው ዘበኛ መጥቶ የእንድሪስን እጅ ሲፈታ፣ ተነሥታ አንጓውን ያዘችና ማሸት ጀመረች፤ ሰው ቢያያትም አልተወችም። የሰንሰለቱ ጫፍ ከከበደ እጅ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ገዳይ ያለ ከሳሽ ችሎት አይቀርብም፤ ከሳሽም የደሙ ባለቤት ነው። አባይነህ ከሁለቱ ልጆቹ ሌላ ዘመድ በከተማው አልነበረውም። ባሻ በርሄ ለመጀመሪያ ጊዜ የእፀገነትን ፊት አየና «ደሙ ያንቺ ነው» አላት። «ብትምሪውም ያንቺ፣ ብታስፈርጂበትም ያንቺ። እንደራሴ አቁመሽ ቤትሽ መቀመጥም ትችያለሽ። የማነ ይቆምልሻል።»

እፀገነት ከግድግዳው ተላቃ መጣችና እጇን ዘረጋች።

«ሴት ልጅ በቁራኛ ስትታሰር አይተን አናውቅም» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ።

«አሁን እዩ» አለች።

ዘበኛው ባሻን አየ። ባሻ ራሱን ነቀነቀለት። ብረቱ ለእሷ እጅ ሰፊ ስለነበር በሻሽ ጠቅልሎ ቆለፈው። ሰዉ እየተንሾካሾከ በበሩ መውጣት ጀመረ። ወይዘሮ አይናዲስ አውቶሞቢሉን ሳያዩ ሄዱ። እንድሪስና ከዲጃ መጨረሻ ወጡ። እንድሪስ በሩ ላይ ዞሮ ለእፀገነት አንድ ነገር ሊላት ፈልጎ ነበር፤ ከዲጃ ግን እጁን ይዛ ወሰደችው። እሷም ምን ሊላት እንደነበረ ለማወቅ አልፈለገችም።

ግቢው ባዶ ሆነ።

«ነገ ትምሪኛለሽ?» አላት ከበደ።

«አላውቅም።»

«ልቀመጥ።»

አጥሩ ሥር፣ ቀድሞ ከእንድሪስ ጋር ይቀመጥበት ከነበረው ቦታ ተቀመጠ። እሷም ከጎኑ ተቀመጠች። ወንድሟ ነው፤ ሰንሰለቱም ከዚያ በላይ አያርቅም ነበር።