ወደዚህ ባሕር አልመለስም

ሜቲልዳና ሳሃያም የተዋወቁት በቅዱስ አንጦንስ ደሴት ነው። ደሴቲቱ ከአንዲት ቤተ ክርስቲያን በቀር ምንም የላትም። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በንግሡ ዕለት ግን የሕንድና የስሪ ላንካ ዓሣ አስጋሪዎች ያለ ፓስፖርት ይገናኙባታል። ቋንቋቸው አንድ፣ ጸሎታቸው አንድ፤ የሚለያቸው ባሕሩ ላይ የማይታይ ድንበር ነው።

እሱ ከሕንድ ጠረፍ ከፓምባን መጥቶ ነበር፤ እሷ ከላንካዋ ደሴት ከደልፍት ሳሙና ልትሸጥ።

«ይሄ ሳሙና ያጠራል?» አላት።

«ልብስ ያጠራል። ለፊትህ ከሆነ ግን ለአንጦንስ ተሳል።»

ጓደኞቹ ሳቁበት። እሱ አልሳቀም፤ ትክ ብሎ አያት። እሷም ዓይኗን ቶሎ አልነቀለችም።

በሦስተኛው ንግሥ፣ «ለከርሞ እናቴን ይዤ መጥቼ አንቺን ከአባትሽ እጠይቃለሁ» አላት።

«አባዬ የሕንድ ጀልባ ሲነሳበት ምራቁን ነው የሚተፋው። መረባችንን በሞተር እየጎተታችሁ ትበጣጥሱታላችሁ።»

«እኔ በታንኳ ነው የማሰግረው። እነዚያ ጀልባዎች ላይ እግሬን አላሳርፍም።»

አመነችው።

ዓመቱ ሳይሞላ የላንካ ባሕር ኃይል ድንበር የጣሰ የሕንድ ጀልባ ከነሰዎቹ ይዞ ወደብ አስገባ። የደልፍት ዓሣ አስጋሪዎች ሊቀ መንበር ሱሳይ፣ የሜቲልዳ አባት፣ ባሕር ላይ ተቆርጦ የቀረ መረቡን ሊፈልግ ሲሄድ እሷም ተከተለችው። ከተያዘው ጀልባ መረብ ጋር ተጠላልፎ አገኙት። ከአሮጌ ሰንደል ጫማ ቆርጣ በገዛ እጇ ያሰረቻቸው መንሳፈፊያዎች ገና እንደተንጠለጠሉ ነበሩ። ቀና ስትል፣ መሬት ላይ ከተቀመጡት እስረኞች መካከል ሳሃያም አንገቱን ደፍቷል።

እስር ቤት ሄዳ ጠየቀችው።

«ታንኳ ነበር ያልከኝ።»

«ታንኳዋ ተሰበረች። ለሠርጋችን ብዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ብዬ...»

«የአባቴን እንጀራ ቆርጠህ ልታገባኝ?»

ይዛለት የመጣችውን የደረቀ ዓሣ አስቀምጣ ወጣች። በሳምንቱ ግን ተመልሳ ሄደች።

ሁለቱ መንግሥታት ተነጋገሩ፤ ከሕንድ ቆንስላም አንድ ባለሥልጣን መጣ። ነገሩ የቆመው መረብ የተቆረጠባቸው ሰዎች ላይ ነበር። ሱሳይና ጓደኞቹ ክሳቸውን ካነሱ እስረኞቹ በገደብ ይለቀቃሉ። ካላነሱ ዓመታት ይታሰራሉ።

«ክሱን አንሳው፣ አባዬ» አለች። «ከመካከላቸው አንዱን እወደዋለሁ።»

ሱሳይ መረብ የሚጠግንበትን መርፌ አስቀመጠ።

«መረቤን ከቆረጡት?»

«አዎ።»

«ባሕር ሙሉ ዓሣ እያለ፣ ልጄ!»

«ባሕሩ ባዶ ሆነ የምትለው አንተ አይደለህ?»

ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «እናትሽ በሕይወት ብትኖር ምን እንደምትል አውቃለሁ» አለ። «ክፉው ነገር እሱ ነው።»

ክሱን አነሳ፤ ጓደኞቹም ተከተሉት።

ከችሎቱ በፊት የቆንስላው ሰው ለሱሳይና ለሜቲልዳ ገደቡን ነገራቸው። እያንዳንዱ እስረኛ ወደ ላንካ ባሕር ዳግም እንደማይገባ በዳኛው ፊት ቃል ይሰጣል።

«ለአንጦንስ ንግሥስ?» አለች ሜቲልዳ።

ሰውየው መነጽሩን አወለቀ። «ደሴቲቱም በላንካ ባሕር ውስጥ ናት እኮ፣ እኅቴ።»

ተራው ሲደርስ ሳሃያም ቆመ።

«ወደዚህ ባሕር ትመለሳለህ?» አሉት ዳኛው።

ወደ ኋላ ዞረ።

«አንተን ነው፣ ልጄ። ትመለሳለህ ወይ?»

ከሰዉ መሀል ፈለጋት። ከኋላ፣ ከአባቷ ጎን ቆማ ነበር። እስር ቤት ከቆየ በየሳምንቱ ታየዋለች፤ ይሄንንም አስባው ነበር። የከሳ ፊቱን አየችና ራሷን ነቀነቀችለት፦ በል፣ ተናገር።

«አልመለስም» አለ።

በቀጣዩ ንግሥ የፓምባን ጀልባዎች ደረሱ። ሜቲልዳ የሚወርደውን ሁሉ አንድ በአንድ አየች። በመጨረሻ ነጭ ሳሪ የለበሱ አንዲት አሮጊት ስሟን እየጠየቁ መጡ።

«ሜቲልዳ አንቺ ነሽ? የሳሃያም እናት ነኝ።»

እጃቸውን ሳመች። «እሱ ደህና ነው?»

«ደህና ነው። ተደብቀህ ና፣ ከሰው መሀል ማን ያይሃል ብዬ ለመንኩት። ‹እሷ እያየችኝ የሰጠሁት ቃል ነው› አለኝ።»

ደወሉ ተደወለ፤ ሕዝቡ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጎረፈ።

«አግብተሻል?» አሏት አሮጊቷ ቀስ ብለው።

«አላገባሁም።»

«እሱም አላገባም» አሉና ክንዷን ይዘው አብረዋት ገቡ።