ሰርቨሩ ያልረሳው ሰው

መዝጋቢው የታጠፈች ወረቀት ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ላይ ጥሎ አለፈ። መርፌ የምትባል ሴት ወረቀቷን አንስታ እጅጌዋ ውስጥ ሸጎጠቻት።

«የይለፍ ቃሌ ነው» አላት ሳይዞር። «አምስት ሰዓት ላይ ስሜን ይሰርዙታል። ወደ መጋዘን አዛውረውኛል።»

«አውቃለሁ። ስነግርህ ሰርቨሩ ውስጥ አንዴ ግባና ውጣ። የቀረውን ለእኔ ተወው።»

መርፌ የምስጢር ስሟ ነው። በዚህ የጥበቃ ኩባንያ ግን አራት ወር ሙሉ የሰርቨር ባለሙያ ሆና ሠርታለች። ኩባንያው የተደበቁ ሰባት ምስክሮችን አድራሻ አነፍንፎ አግኝቷል። ዝርዝሩ ስድስት ሰዓት ላይ ሰርቨሩ ውስጥ ይገባል፤ ስምንት ላይ ለገዳዮቹ ይላካል። ሌላ ቅጂ የለውም። ፋይሉን ከሚከፍቱት ሰዎች ኅሊና የተረፈው መዝጋቢው ብቻ ነው።

በጃቫ የፕሮግራም ቋንቋ የተሠራው ሰርቨር አንዴ ያረጋገጠውን ሰው ለሠላሳ ደቂቃ ያስታውሳል። እስከዚያ ዋናውን የስም መዝገብ ዳግም አይጠይቅም። መርፌ ሠላሳ ደቂቃውን አራት ሰዓት አደረገችው። ሰርቨሩን አጥፍታ አስነሳችው።

መዝጋቢው በይለፍ ቃሉ ሰርቨሩ ውስጥ ገባ። ወጣ።

አምስት ሰዓት ላይ ስሙ ከመዝገቡ ተሰረዘ።

ስልኳ ተንቀጠቀጠ። የኩባንያው ሳይሆኑ የስለላ ሥራዋ አለቃ ናቸው። ለዚህ ሥራ የመለመሏት፣ እናቷ ስትሞት ከጎኗ ያልተለዩ ሰው። ጋሼ ትላቸዋለች።

«የውስጥ ሰውሽ ማነው? መኪና ላዘጋጅለት።»

«መዝጋቢው።»

«ጎሽ የኔ ልጅ።»

አሥር ደቂቃ አልሞላም። ዘበኞች መዝጋቢውን ከወንበሩ ጎትተው ወሰዱት።

መዝጋቢው እንደሚረዳት ከእሷ ሌላ የሚያውቁት ጋሼ ብቻ ናቸው።

ስልኩ እንደገና ጠራ።

«ልክ ስድስት ሰዓት ላይ በጀርባ በር ውጪ። ልጆቹ ይጠብቁሻል።»

«እሺ ጋሼ።» ምንም እንዳልጠረጠረች ሆና መለሰች።

ስድስት ከሁለት ላይ ገና ወንበሯ ላይ ነበረች። የመዝጋቢውን የይለፍ ቃል ጻፈች።

ሰርቨሩ የተሰረዘውን ሰው አስታወሰው።

ሰባቱንም አድራሻ አጠፋች።

ሰርቨሩ ድርጊቱን በመዝጋቢው ስም መዘገበ። እሱ ግን በዚያች ደቂቃ በዘበኞቹ ክፍል ታስሮ ነበር። ሌላ እጅ እንዳለበት ማንም ያያል። የማን እጅ እንደሆነ የሚናገረው፣ ሠላሳ ደቂቃው ወደ አራት ሰዓት ከተቀየረበት መስመር ጎን የተጻፈው የእሷ ስም ነው። ሰዓቱን መልሳ ስሟን ብትፍቅ ታመልጣለች። ጣጣው ለእሱ ይተርፋል።

አልፋቀችውም።

ምሳ ከሚወጡት ሠራተኞች ጋር ተቀላቅላ በዋናው በር ወጣች።

ለጋሼ የበላዮች ደብዳቤ ጻፈች። «እሳቸው» አላለችም፤ «እሱ» አለች። በሳምንቱ ተያዘ። እሷ ግን ኩባንያው ፎቶዋን በትኖት ስለነበር ወደ ሥራዋ መመለስ አልቻለችም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መዝጋቢውን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አየችው። ለቀውታል። አንድ ዓይኑ ግን በፋሻ ተሸፍኗል፤ ሚስቱ ክንዱን ይዛ ትመራዋለች። መርፌ ልትጠራው አፏን ከፈተች። ከጠራችው ግን እሱን የሚከታተሉት የኩባንያው ሰዎች እሷንም ያገኟታል።

አውቶቡሱ ደረሰ። ሰዉ ተጋፋ።

«ግቢ እንጂ እህቴ፣ መንገድ ዘጋሽ እኮ!» አላት ከኋላዋ ያለ ሰው።

«ይቅርታ ወንድሜ» አለችና መዝጋቢውን ሳትጠራ ገባች።