የተመለሰው ቻርጀር

ሳጅን ከሚላ ተጠርታ ስትደርስ ቦናያ ቤቱ ውስጥ፣ ውኃ በፈሰሰበት ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግሩ ሞቶ ተዘርሯል። ከጆሮው በላይ ቆስሏል። አጠገቡ ሳምንታት እንኳ በቅጡ ያልተሠራባት ርካሽ ዲጂታል ካሜራ፣ ባትሪዋ ወጥቶ ተቀምጣለች።

የነገሌ ከተማ ሰው ፍርዱን ጨርሶ ነበር፤ ገዳዩ ወንድሙ ጃዋር ነው። «ጊደር ሽጠህ መጫወቻ ገዛህ» ብሎ ያን ዕለት ጠዋት ሲጮህበት ያልሰማ ጎረቤት የለም። ፖሊስም ጃዋርን ይዞ አስገብቶታል። ሌላ የሚጠረጠር ቢኖር ፎቶ ቤት ያለው ሚናስ ነው፤ ቦናያ በየሰርጉ እየዞረ በርካሽ ስለሚያነሳ ዝቶበታል ይባላል።

ከሚላ ቸኩላ አታውቅም። የሟቹን ቀኝ እጅ ስታገላብጥ የሁለት ጣቶቹ ጫፍ ላይ የተቃጠለ ምልክት አገኘች። አጠገቡ ባለው የእንጨት ሣጥን ጠርዝ ላይ ደም አለ። ቀና ስትል ሶኬቱ ላይ የተሰካውን የባትሪ ቻርጀር አየች። ስንጥቁ ላይ የቁስል ፕላስተር ተጠምጥሞበታል። የጠመጠመችው እሷው ራሷ ናት።

ከሁለት ወር በፊት ከሳላሃዲን ሱቅ ያንኑ ዓይነት ካሜራ ገዝታ ነበር። ቻርጀሩ ሲነዝራት በፕላስተር ጠመጠመችው፤ ደግሞ ሲነዝራት ወስዳ መለሰችለት። እሱም ይቅርታ ጠይቆ በደህናው ቀየረላት።

ቆጣሪውን አዘግታ ቻርጀሩን ነቀለች። ፕላስተሩን ልጦ መጣል አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አሰበችው፤ ማሰቧም አሳፈራት።

ሚናስ መዛቱን አልካደም። በዕለቱ ግን ክብረ መንግሥት ከተማ ሰርግ ሲያነሳ ውሏል፤ ሙሽሮቹም መስክረውለታል።

«ቦናያ ባለፈው ሳምንት መጥቶብኝ ነበር» አላት። «ቻርጀሬ ይነዝረኛል፣ ያንተን አውሰኝ አለኝ። ከገዛህበት ሂድ ብዬ መለስኩት።» ይህን ሲል ቀና ብሎ አላያትም።

በማግስቱ ሁሉንም ጣቢያ ሰበሰበቻቸው፤ ጃዋርን፣ እናቱን ሰንበቴን፣ ሚናስን፣ ሳላሃዲንን። አዛዡም ተቀመጡ።

«ቦናያን ሰው አልመታውም» ብላ ጀመረች። «ደሙ ያለው ሣጥኑ ጠርዝ ላይ ነው፤ የቆሰለው ሲወድቅ ነው። ከጭቃ ገብቶ እግሩን ታጥቧል። እጁ ሳይደርቅ ባትሪውን ሊሰካ ቻርጀሩን ነካ። ጣቶቹ የተቃጠሉት ለዚህ ነው።»

ሳላሃዲን ካሜራውን ከነካርቶኑ እንደሸጠለት ተናገረ።

«ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥርና ቻርጀሩ ላይ ያለው አይገጥምም። ኦርጂናሉን አውጥተህ ለብቻው ትሸጣለህ» አለችው ከሚላ።

«ይሄ የሁሉም ሱቅ አሠራር ነው፣ ሳጅን።»

«ቦናያ ነዘረኝ ብሎ አልመጣም?»

«መጥቷል» አለ ሳላሃዲን ድምፁ እየወረደ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም አልኩት።»

«የእኔን ግን መልሰሃል።»

ሳላሃዲን ደንግጦ አያት። ዝም ትለዋለች ብሎ ነበር።

ከሚላ ቻርጀሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ፕላስተሩን የጠመጠምኩት እኔ ነኝ። ሰው እንደሚነዝር አውቄ መለስኩት። ለእኔ የቀየረልኝ ዩኒፎርሜን አይቶ ነው። የመለስኩትን ደግሞ መልሶ ለቦናያ ሸጠው።»

ሳላሃዲን አልካደም። ሁለት እጁን ጭኑ መሃል ቀብሮ አቀረቀረ።

«ኢንታላ ኮ» አሉ ሰንበቴ በኦሮምኛ ጀምረው፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ደህናውን ይዘሽ ስትሄጂ፣ ያ መጥፎው ለማን ይደርሳል አላልሽም?»

«አላልኩም፣ እማማ። የእኔ ተስተካክሎልኝ ስለነበር ረስቼው ሄድኩ።»

ጃዋር ካቴናው ሲፈታለት የእጅ አንጓውን እንኳ ሳያሻሽ እናቱን ደግፎ አወጣቸው፤ ደጃፉ ላይ ሲደርስ ለወንድሙ የተናገረው የመጨረሻ ቃል ትዝ ብሎት ይሁን፣ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ።

ከሚላ መዝገቡን ለአዛዡ አስረከበች። ከዚያም ጠረጴዛውን ዞራ፣ ቃላቸውን የሚሰጡ ሰዎች በሚጠብቁበት አግዳሚ ላይ፣ ሳላሃዲን አጠገብ ተቀመጠች።