ዋሪዮ ያላሉት

ዲዳ ደብተሮቹን ሰብስቦ ከዮርዲ ጎን ተነሣና ወደ ኋላ ወንበር ሄደ። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጡት፤ አሁን ዘጠነኛ ናቸው። ዮርዲ «ምን ሆንክ?» ብላ ለመጠየቅ እንኳ አፍ አልነበራትም። ምን እንደሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

ነገሩ የጀመረው ከአማርኛ መምህራቸው ከፍቅረማርያም የቤት ሥራ ነው። መልኩ አንድ ሆኖ በሁለት ቋንቋ ሁለት ነገር የሚሆን ቃል ፈልጉ፣ ከየት እንደመጣም ሰው ጠይቃችሁ ጻፉ፣ ጥሩው ጠዋት በሚኒ ሚዲያ ይነበባል አሉ። ዮርዲ ቃል ፍለጋ ሩቅ አልሄደችም፤ አጠገቧ ተቀምጧል፤ የጓደኛዋ ስም ነው። በአማርኛ «ዲዳ» መናገር የማይችል ሰው ነው፤ በዚህም ምክንያት ልጁ ነገሌ ውስጥ ያልሰማው ፌዝ የለም። ስም በተጠራ ቁጥር «እሱ አቤት አይልም» የሚል አንድ ባለጌ አይጠፋም። እስቲ አፋቸውን እናስይዛቸው ተባባሉ ሁለቱ።

ቅዳሜ በፊልቱ መንገድ ወደ ዲዳ አያት፣ ወደ ዋሪዮ ቤት ሄዱ። ሽማግሌው በጉልምስናቸው በዱብሉቅ የከብት ማጠጫ ጉድጓዶች ላይ የውሃ ተራ የሚያስይዙ ሰው ነበሩ። የማን ከብት ዛሬ፣ የማን ነገ እንደሚጠጣ ወረቀት ላይ አይጻፍም፤ ዋሪዮ ካሉ አሉ ነው። ዛሬም በተራ የተጣላ ሰው ከሩቅ እየመጣ ያስፈርዳቸዋል። እሳቸውም «ዲዳ» በኦሮምኛ ውጭ፣ ደጅ ማለት እንደሆነ፣ የልጁ እናትም መንገድ ላይ፣ ሜዳ ላይ ስለወለደችው ይህ ስም እንደወጣለት ነገሯት። ሲሸኟት ደግሞ አንድ ነገር አስጠነቀቋት። እነሱ ዘንድ ሰው የሰማውን ሲያወራ ከማን እንደሰማ ስም ይጠራል፤ ስሙ የተጠራውም ለቃሉ ተጠያቂ ነው።

ዮርዲ ስም ጠራች። የጠራችው ግን ላልተባለ ነገር ነው። እሑድ ጽሑፏን በንጹሕ ስትገለብጥ የጎረቤቷ ልጅ አምሀ መጥቶ አነበበውና አዛጋ። አምሀ የሚኒ ሚዲያው አለቃ ነው፤ ዮርዲ ደግሞ ዓመት ሙሉ እዚያ ለመግባት ደጅ ስትጠና ከርማለች። ይሄ ማንንም አያስቅም፣ ትንሽ ጨው ያስፈልገዋል አላት። ጨው ጨመረችበት። ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ አምሀ በድምፅ ማጉያው «አያቱ ዋሪዮ እንደነገሩን፣ ስሙ የወጣለት አራት ዓመት እስኪሞላው አፉን ስላልፈታ ነው» ብሎ አነበበ። ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ፤ ከአጥር ውጭ የቆሙ ባጃጅ ነጂዎች ሳይቀሩ ሳቁ። ዮርዲም ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏት ዋለች፤ ይህን መደበቅ አይቻልም።

ማክሰኞ ዲዳ ወንበር ቀየረ። በእረፍት ሰዓት ተከትላው ወጣች።

«በእኔ መሳቅ ብርቅ አይደለም፣ ለምጄዋለሁ» አላት ፊቷን ሳያይ። «አያቴ ግን ምን አደረጉሽ? ትናንት ለውሃ ተራ ነገር ሁለት ሰዎች መጥተው ነበር። አንደኛው ‹በገዛ የልጅ ልጁ የሚሳለቅ ሰው ለእኔ አይፈርድም› ብሎ ጥሎ ሄደ። አያቴ ምን አሉ እንደተባለ እንኳ አያውቁም ነበር።»

ሄዳ ይቅርታ እንደምትጠይቅ ነገረችው። እሱ ግን መንገዱን ታውቂዋለሽ፣ እኔ አልወስድሽም ብሎ ትቷት ሄደ።

ከትምህርት ቤት ስትወጣ ብቻዋን ሄደች። ዋሪዮ ግራር ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። ዮርዲ ጎንበስ ብላ «አካም ኦልተን?» አለች፣ እንዴት ዋሉ ለማለት። በእነሱ አገር ለሰላምታ ናጋ፣ ሰላም ተብሎ ይመለሳል፤ ለተቀያየመ ሰው እንኳ ይመለሳል። ዋሪዮ አልመለሱም።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ተሳስቼ ነው።»

«አልተሳሳትሽም» አሉ ሽማግሌው። «ጆሮሽ ደህና ነው፤ ሰምተሻል። ቃሉ ሰው ፊት ነው የወጣ። እዚህ እኔ ደጅ አይመለስም። ሰው ፊት መልሺ። በሁለቱም አፍ።»

በሁለቱም አፍ ሲሉ በአማርኛም በኦሮምኛም ማለታቸው ነው። የዮርዲ ኦሮምኛ ሽንኩርት ከመግዛት አያልፍም። ልትነግራቸው ፈለገች፤ እሳቸው ግን ፊታቸውን አዙረው ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ አምሀን ማይኩን ጠየቀችው። ለምን እንደፈለገችው ሲገባው ፊቱ ተለወጠ። ካሁን በኋላ ሚኒ ሚዲያው ደጃፍ እንዳትደርሺ አላት። መምህር ፍቅረማርያም በአጠገባቸው ቆመው ይሰማሉ፤ የዋሸችበትን ሥራ ነጥብ እንደማይተዉላት ታውቃለች። ማይኩን ከአምሀ እጅ ወሰደች።

በአማርኛ ተናገረች። ዲዳ ማለት በኦሮምኛ ደጅ ማለት እንደሆነ፣ ይህን ከዋሪዮ እንደሰማች፣ ስለ አራት ዓመቱ የተነበበውን ግን ዋሪዮ እንዳላሉት፣ ራሷ እንደፈጠረችው። ከፊት ቆመው የነበሩት፣ ሰኞ ትከሻዋን መታ መታ ያደረጓት ልጆች፣ በጥላቻ አዩዋት።

ከዚያ በኦሮምኛ ጀመረች። በሦስተኛው ቃል ከኋላ ሳቅ ተነሣ። አንዱ «አፏን ፍቱላት!» አለና ሳቁ በሰልፉ ሁሉ ተዛመተ። ዮርዲ በዓይኗ ዲዳን ፈለገችው፤ ጫማውን እያየ ነው። «ወለደችው» የሚለው ቃል ጠፋባት፤ ቆም አለች፤ የሚያቀብላት ሰው አልተገኘም።

ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀች። ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀመረች።