ያልሰካነው ጎረቤት

«ከራሷ ፈጥራ ነው» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይበል። እኔ ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ነበርኩ...

ደግሞ ሌሊት አልነበረም።

እሁድ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ገደማ ነው። የጥር ጉም ትንሿን የቡልጋሪያ ከተማችንን ሴቭሊዬቮን ከዳር እስከ ዳር ውጧታል፤ ቢሆንም ቀን ነው፣ ብርሃን ነው። ይህን የምለው «ጨለማ አሳስቷት ነው» እንዳትሉኝ ነው።

ኔቬና እባላለሁ። የኔትወርክ ባለሙያ ነኝ። ያቮር ደግሞ የሥራ ባልደረባዬ ነው። በዚያ ክረምት ሁለታችንም ብራስልስ ሄደን ለምንፈተነው ትልቅ የተግባር ፈተና እየተዘጋጀን ነበር። ፈተናው ቀኑን ሙሉ ከማሽኖች ጋር የሚያፋጥጥ ነው። መልሱ ወረቀት ላይ አይጻፍም። ኔትወርኩ ወይ ይሠራል፣ ወይ አይሠራም። በቃ።

አንድ ጊዜ አብረን ሄደን፣ አብረን ወድቀን፣ በአንድ አውሮፕላን ሳንነጋገር ተመልሰናል።

ለያቮር ይህ ፈተና ከእኔ ይልቅ የከበደ ነበር። ካለፈ ሶፊያ ውስጥ ሥራ ይጠብቀዋል። እናቱን ይዞ ከዚያ ቤት መውጣት ነበር ሐሳቡ።

ከዚያ ቤት...

ከዚያ በፊት በነበረው ፀደይ ታናሽ እህቱ ሞታለች። ከጎረቤት ከተማ ከጋብሮቮ ስትመለስ መኪናዋ ከመንገድ ወጣ። በዚያች ሰዓት በስልክ የምታወራው ከእሱ ጋር ነበር። መስመሩ አልተቋረጠም፤ ድምፅ ብቻ ጠፋ። ያቮር «አለሽ?... አለሽ?...» እያለ፣ ፖሊሶች በሩን እስኪያንኳኩ ድረስ ስልኩን አልዘጋም።

ስሟ ሮሲጻ ነበር። የከተማችን ወንዝ ስምም ይኸው ነው።

የምናጠናው በድሮው ስልክ ቤት ነበር። ድርጅቱ ጥሎት ከወጣ ቆይቷል። ወፍራሞቹ የስልክ ኬብሎች ተቆርጠው ተወስደዋል። ከውጭ ወደዚያ ሕንፃ የሚገባ አንድም መስመር የለም። ጠባቂዋ እትዬ ቶትካ ናቸው ቁልፉን የሰጡን። ማሽኖቻችን ይግላሉ፣ ይጮኻሉ፤ ለዚህ ደግሞ ከዚያ ቀዝቃዛ ክፍል የተሻለ አልነበረም።

መረጃ የሚያቀባብሉ አሮጌ ራውተሮች ገዝተን በአንድ ትልቅ የብረት መደርደሪያ ላይ ደረደርናቸው። መደርደሪያውን ያቆምነው መሬት ውስጥ ባለው የኬብል ጉድጓድ ክዳን ላይ ነው፤ ወለሉ ሌላ ቦታ ወጣ ገባ ስለሆነ። ለራውተሮቹ የወንዝ ስም አወጣንላቸው። ያንትራ፣ ኦሳም፣ ቪት፣ ኢስከር።

በጓሮ የሚያልፈውን ወንዝ ስም ግን ዘለልነው። ለምን እንደሆነ አልተነጋገርንም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ያለሱ ታሪኩ አይገባችሁም።

በኬብል የተገናኙ ራውተሮች ጎረቤት ይባላሉ። በየጥቂት ሰከንዱ «አለሁ» ይባባላሉ። አንዱ ዝም ካለ፣ ሌላው ሰከንድ እየቀነሰ ይቆጥርበታል። ቁጥሩ ዜሮ ሲደርስ «ሞቷል» ብሎ ከጎረቤቶቹ ያወጣዋል።

ቃሉ ራሱ እንዲህ ነው። እኔ አልጨመርኩበትም።

የልምምዳችን ደንብ ቀላል ነበር። አንዱ ይወጣል፣ ሌላው ኔትወርኩን በሦስት ቦታ ያበላሻል። የወጣው ተመልሶ ብልሽቱን ይፈልጋል።

ያን ቀን የወጣሁት እኔ ነኝ። እትዬ ቶትካ ክፍል ገብቼ፣ ምድጃው አጠገብ ተኮራምቼ ተቀመጥኩ።

«በሩን ዝጊው! ሙቀቱን ለመንገደኛ ልታድይው ነው?» አሉኝ።

«በስስት የታወቀው የጋብሮቮ ሰው አይደሉ! የድመታችሁን ጭራ የምትቆርጡት በሩ ቶሎ እንዲዘጋ ነው አሉ።»

«ድመቷ አመስግናናለች» አሉና አይብ ከገባበት ትኩስ ባኒጻ ቆርሰው ሰጡኝ።

ሳቅን። በዚያ ቀን የሳቅሁት ያኔ ነው፤ ከዚያ በኋላ አልሳቅሁም።

ያቮር ከኮሪደሩ ጠራኝ። «እመቤት ተፈታኝ! ይግቡ!»

«ፈታኝ ሆይ፣ ሸሚዝዎን ገልብጠው ለብሰዋል» አልኩት።

ሸሚዙን አይቶ ተሳደበ። እኔም ተቀመጥኩ።

ሦስቱን ብልሽቶች ብዙም ሳልለፋ አገኘኋቸው። ደስ አለኝ። ሁሉም እንደተስተካከለ ለማረጋገጥ የኦሳምን ጎረቤቶች ዝርዝር አወጣሁ።

ያንትራ አለ። ቪት አለ። ኢስከር አለ።

ከሥራቸው ግን አንድ ሌላ ስም ነበር...

ሮሲጻ።

እሱ ያስገባው መሰለኝ። ሐዘን ሰውን ብዙ ነገር ያስደርገዋል።

«ያቮር...» አልኩ ቀስ ብዬ። «ስሟን አንተ ነህ ያስገባኸው?»

«የማንን ስም?»

ወንበሩን ስቦ መጣ። ማያ ገጹን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም።

«ኔቬና፣ በዚህ አይቀለድም።»

«እናቴ ትሙት እኔ አይደለሁም!»

«እዚህ ክፍል ውስጥ ሌላ ማን አለ ታዲያ?»



እንደ ባለሙያ ለማሰብ ሞከርኩ። ኦሳም ይህን ጎረቤት የሚሰማው በየትኛው የኬብል መሰኪያ ቀዳዳ እንደሆነ አየሁ። ባትሪ አብርቼ ከመደርደሪያው ጀርባ ዞርኩ።

ቀዳዳው ባዶ ነው።

ኬብል የለውም። ከላዩ ያለችው ትንሽ መብራት ግን አረንጓዴ በርታለች። ጣቴን አስገባሁ። ቀዝቃዛ ብረት ብቻ...

«አጥፊው» አለ ያቮር። ድምፁ ተለውጧል።

የኦሳምን የኤሌክትሪክ ገመድ ነቀልኩት። ማራገቢያው እያቃሰተ ቆመ። አረንጓዴዋ መብራት ጠፋች።

የቪትን ዝርዝር አወጣሁ።

ሮሲጻ እዚያ ናት።

ከስሟ ጎን ያለው ቁጥር ይወርዳል። የሌሎቹ ራውተሮች ቁጥር ትንሽ ወርዶ ይመለሳል፤ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው፤ አለሁ እያሉ ያድሱታል። የእሷ ግን ይወርዳል... ይወርዳል... አይመለስም።

«ተወው፣ ሊጠፋ ነው» አልኩ። ደስ ብሎኝ ነበር።

አምስት። አራት። ሦስት...

ያቮር ወደ ማያ ገጹ ጎንበስ አለ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። መስማቴንም እጠራጠራለሁ፤ ግን ሰምቻለሁ።

«አለሽ?»

ቁጥሩ ዘሎ ወደ ላይ ተመለሰ።

ሁለታችንም አልተንቀሳቀስንም።

ቁጥሩ እንደገና መውረድ ጀመረ።

«አጋጣሚ ነው» አልኩት። «ዝም በል። ዝም ብለህ እየው።»

ዝም አለ። የወንበሩን እጀታ ጨብጦ ዝም አለ። ቁጥሩ ወረደ። ዐሥር። ሰባት። አራት። ግንባሩ በላብ ወረዛ፤ በዚያ ብርድ። ሁለት...

«አለሽ?» ብሎ ጮኸ።

ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ያቮር ከወንበሩ አልተነሳም።

«አለሽ?» ይላል። ቁጥሩ ይመለሳል። ይጠብቃል። «አለሽ?» ይላል። አንድ ጊዜም ከአንድ በታች እንዲወርድ አልፈቀደም። ለመንኩት። ትከሻውን ይዤ ነቀነቅሁት።

«ያቮር፣ ተነስ። ማሽን ነው። ብልሽት ነው።»

«እሺ፣ ብልሽት ነው።»

«እንሂድ እንግዲያው!»

«ሂጂ አንቺ።» ዓይኑን አላነሳም። «አለሽ?... አንድ ጊዜ ሞታብኛለች፣ ኔቪ። ያኔም እየጠራኋት ነው የሞተችው። ሁለተኛ አልችልም።»

የግድግዳውን ዋና የኤሌክትሪክ ማጥፊያ አየሁት። አንድ እርምጃ ነው። እጄን ስዘረጋ ክንዴን ያዘኝ። አላመመኝም፤ ግን አልለቀቀኝም።

«ከነካሽው አንቺ ነሽ የገደልሻት» አለ በሹክሹክታ።

ትቼው ወጣሁ። እናቱ ዘንድ ለመደወል ነው የወጣሁት። እሳቸው ቢመጡ ይሰማቸዋል ብዬ። ክፍሉ ውስጥ ስልኬ አይሠራም ነበር፤ ግድግዳው ወፍራም ነው።

ኮሪደሩን አልፌ እስከ ውጭው በር ድረስ ድምፁ ይከተለኝ ነበር።

«አለሽ?»

...

«አለሽ?»

እናቱን ወይዘሮ ዲምካን በስልክ አገኘኋቸው። ያቮር አሞታል፣ ቶሎ ይምጡ አልኳቸው። ሌላ ምን እላለሁ? እትዬ ቶትካን ይዤ ተመለስኩ። በሩ ላይ ስንደርስ ክፍሉ ጸጥ ብሏል።

ማሽኖቹ እንኳ አይጮኹም። ማራገቢያዎቹ ይሽከረከራሉ፤ ድምፅ ግን የላቸውም።

ወንበሩ ባዶ ነው። ጫማዎቹ ከሥሩ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ክሮቻቸው አልተፈቱም።

መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው። መውጫው እኛ የገባንበት በር ብቻ ነው። በኮሪደሩ ደግሞ ማንም አላለፈንም።

ማያ ገጹን አየሁ። ያንትራና ኢስከር ብቻ። ሮሲጻ የለችም።

«ሄዷል እንዴ?» አሉ እትዬ ቶትካ።

ያኔ ሰማነው።

«አለሁ።»

የያቮር ድምፅ ነው። ከእግራችን ሥር...

እትዬ ቶትካ አማተቡ።

ከዚያ ጸጥታ ሆነ። ሰው ሲጠይቅህ የምታዳምጥበት ዓይነት ጸጥታ። እኛ ጥያቄውን አልሰማንም። መልሱን ግን እንደገና ሰማነው።

«አለሁ።»

እየጠራ አልነበረም። እየተጠራ ነበር።

የጉድጓዱ ክዳን ያለው መደርደሪያው ሥር ነው። መደርደሪያው ሁለት ሰው አይነቀንቀውም። ከነማሽኖቹ እዚያው ቆሟል። እግሮቹ ወለሉ ላይ ያስቀሩት የዝገት ምልክት ንቅንቅ አላለም።

የእሳት አደጋ ሰዎች መጡ። ማሽኖቹን አወረዱ፣ መደርደሪያውን ገፉ። የክዳኑ ብሎኖች ዝገው ከብረቱ ጋር ተጣብቀው ስለነበር በመቁረጫ ቆረጧቸው። እየቆረጡ ሳለም ከሥር «አለሁ» ይል ነበር፤ በእርጋታ፣ ስሙ እንደተጠራ ተማሪ።

ሲከፈት የመጀመሪያው ሰው በባትሪ ወደ ታች አየ። ዞሮ እኔን ተመለከተኝ።

«በየት ነው የገባው?» አለኝ።

«አላውቅም።»

«መሰላሉ ላይ ያለው አቧራ አልተነካም፣ እህቴ። በየት ገባ?»

ያቮር ጉድጓዱ ጥግ፣ የተቆረጡት ኬብሎች ሥር፣ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ካልሲው እንኳ አልቆሸሸም። ተሸክመው ሲያወጡት አልታገለም። ዓይኖቹ ተከፍተዋል፤ እኛን ግን አያዩም።

ከዚያ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ብራስልስ ብቻዬን ሄጄ ተፈተንኩ። አለፍኩ። ስሜ ሲጠራ፣ ፈታኙ እጄን ሲጨብጠኝ፣ ምንም አልተሰማኝም። ያቮር እስከ ዛሬ ሆስፒታል ነው። ይበላል፣ ይተኛል። ከአንዲት ቃል ሌላ አይናገርም። ሐኪሞቹ የከረመ ሐዘን ነው ይላሉ። ሊሆን ይችላል። ስለ አቧራውም፣ ስለ ብሎኖቹም ምክንያት የሚያገኝ ሰው ይኖራል።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን እሱ አይደለም። አምቡላንሱ ውስጥ ያየሁት ነው።

ቃሬዛው ላይ አስተኝተውት ነበር። ቀኝ እጁ ከብርድ ልብሱ ውጭ ተንጠልጥሏል፤ መዳፉ በከፊል ተጨብጧል። ሰው የሰውን እጅ ሲይዝ እንደሚጨብጠው...

በእጁ ጀርባ ላይ አራት ነጫጭ ጉድጓዶች ነበሩ። ትንንሽ፣ የጣት ጫፍ የሚያህሉ።

ይጎደጉዳሉ። ይለቃሉ። ቆዳው ይቀላል። እንደገና ይጎደጉዳሉ።

ወይዘሮ ዲምካ የቤት ነጠላ ጫማቸውን እንዳደረጉ ደርሰው አምቡላንሱ ውስጥ ገቡ። ያን እጅ አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት። አልጮኹም፣ አላለቀሱም። አግዳሚው ላይ ተቀመጡና ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ አሉ፤ በእሳቸውና በልጃቸው እጅ መካከል ክፍት ቦታ ቀረ።

ልደግፋቸው ብዬ ገባሁና እዚያ ክፍት ቦታ ላይ ልቀመጥ ጎንበስ አልኩ።

ክንዴን በቀስታ ያዙኝ።

«እዚህ አትቀመጪ፣ ልጄ» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ሰው አለበት።»